ያልተለመደ የቤተሰብ ስም ምንጩ፣ ትርጉሙና ስርጭቱ እንዴት ይጣራል? (ዝርዝር መመሪያ)

ብዙ ሰው የቤተሰብ ስም ፍለጋ የሚጀምረው ከትርጉሙ ነው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል፣ «ጀግና ተዋጊ» ወይም «የመኳንንት ዘር» የሚል መልስ ያገኛል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ስሙ ብርቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለ ብርቅ ስም የተጠና ነገር ጥቂት ስለሆነ ክፍተቱን ግምት ይሞላዋል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ አጻጻፉ፣ ቀጥሎ ስሙን የያዙት ሰዎች የኖሩበት ቦታ፣ ከዚያ ስሙ የተገኘበት ጥንታዊው መዝገብ፣ ትርጉሙ መጨረሻ። ደረጃ ቢዘሉ ፍለጋው ባዶ እጅዎን አይመልስዎትም፤ የሚያሳምን ግን የተሳሳተ መልስ ያስይዝዎታል። አደጋውም ይኸው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

አራት ነገር ያዘጋጁ።

1. ስሙ በገዛ ቋንቋው ፊደል የተጻፈበት ሰነድ፦ የልደት፣ የጋብቻ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የመቃብር ድንጋይ ፎቶ። ከተለያየ ትውልድ ሦስት ቢሆን ይመረጣል።

2. ሰባት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ፦ ዓመት፣ ቦታ (እስከ ሰበካ ወይም መንደር ድረስ)፣ ስሙ እንደተጻፈ፣ የሰውየው መጠሪያ ስም፣ ሥራው፣ የመዝገቡ ዓይነት፣ የገጽ ወይም የመዝገብ ቁጥር። «ስሙ እንደተጻፈ» በሚለው ዓምድ ላይ ምንም አያርሙ። ጸሐፊው ተሳስቷል ብለው ቢያስቡም የጻፈውን ፊደል በፊደል ይገልብጡ። በኋላ ቁልፍ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ያ «ስህተት» ነው።

3. ከቤተሰቡ አዛውንቶች ሦስት መልስ፦ ከየትኛው መንደር ወይም ከተማ እንደመጡ፣ የየትኛው ሃይማኖት ተከታዮች እንደነበሩ፣ በስንት ዓመት ገደማ እንደተሰደዱ። ሃይማኖቱ የሚጠየቀው የድሮ መዝገብ በብዛት በቤተ እምነት እጅ ስለነበረ ነው፤ ካቶሊኩን በፕሮቴስታንት መዝገብ ውስጥ ቢፈልጉ ብዙ ጊዜ አያገኙትም። ስለ ስሙ ትርጉም የሚነግሩዎትንም ይጻፉ፣ ግን በሌላ ገጽ ላይ። እስከ ደረጃ 5 ድረስ አያንብቡት።

4. ፋሚሊሰርች (የድሮ የቤተሰብ መዝገቦች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንት። ነጻ ነው። በውስጡ ካሉት የመዝገብ ምስሎች አንዳንዶቹ የሚከፈቱት በቤተሰብ ታሪክ ማዕከል ወይም በአጋር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ስለሆነ «አልተፈቀደም» የሚል ምልክት ቢያዩ መዝገቡ የለም ብለው አይደምድሙ።

ደረጃ 1፦ የያዙት በእርግጥ የቤተሰብ ስም መሆኑን ያረጋግጡ

ይህን የሚዘል ሰው ወራት ያባክናል። በመጨረሻ የተቀመጠው ስም ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የቤተሰብ ስም አይደለም።

በአይስላንድ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ሁለተኛው ስም በአብዛኛው የወላጅ መጠሪያ ስለሆነ በየትውልዱ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ስም በውጭ አገር መሥሪያ ቤት አንዴ «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ከተመዘገበ ግን ከዚያ ወዲህ ላሉት ልጆች ይጸናል። እዚህ ላይ ፍለጋው የሚያበቃው ከአንድ ሰው፣ ምናልባትም ከአንድ አያት ዘንድ ነው፤ ጥያቄውም ስለ መጠሪያ ስም ትርጉም ይሆናል።

በሃንጋሪ፣ በቻይና፣ በኮሪያ፣ በጃፓንና በቬትናም የቤተሰቡ ስም ከመጠሪያው ይቀድማል። በስፔን ልማድ ሁለት የቤተሰብ ስም አለ፤ የአባት ይቀድማል፣ የእናት ይከተላል። ፖርቱጋሎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የእናት ይቀድማል። በኖርዌይ ገጠር ሰው የሚጠራው በሚኖርበት እርሻ ስም ስለነበረ እርሻ ሲቀይር ስሙም አብሮ ይቀየር ነበር። ወንድማማቾች በተለያየ ስም ቢገኙ አይደንግጡ።

ቀጥሎ ስሙ የመጣበት አገር የቤተሰብ ስም መቼ እንደጸና ይመልከቱ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ቀን የፍለጋዎ ወለል ነው፤ ከሱ በታች በዚያ ስም መቆፈር አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የለውም።

- እንግሊዝ፦ በአብዛኛው ከ1300 እስከ 1400 ባሉት ዓመታት
- የኦስትሪያ አይሁድ፦ 1787፣ የፕሩሲያ አይሁድ፦ 1812
- ኔዘርላንድስ፦ 1811 (ቀድሞ ስም ያልነበራቸው በግዴታ የተመዘገቡበት)
- ዴንማርክ፦ 1828
- ፊሊፒንስ፦ 1849
- ጃፓን፦ 1875 (ለተራው ሕዝብ)
- ስዊድን፦ 1901፣ ኖርዌይ፦ 1923
- ታይላንድ፦ 1913
- ቱርክ፦ 1934

ፊሊፒንስን ለብቻዋ ልብ ይበሉ። በ1849 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ስሞቹ የተከፋፈሉት ከተዘጋጀ ዝርዝር ነው፤ አንዳንድ ከተማ ነዋሪው በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ፊደል የሚጀምር ስም ደርሶታል። ስለዚህ ስፓኒሽ የሚመስል ስም የስፔን የዘር ሐረግን አያሳይም። ታይላንድ ደግሞ ተቃራኒ ናት፤ አዲስ የሚመዘገብ የቤተሰብ ስም ሌላ ቤተሰብ የያዘው እንዳይሆን ሕጉ ስለሚጠይቅ ብርቅ ስም እዚያ የተለመደ ነው። የቱርክ ስም ከሆነ ከ1934 በፊት ያለው ትውልድ ያንን ስም ላይዘው ስለሚችል ሰውየውን በመጠሪያው፣ በአባቱ ስምና በመንደሩ ይፈልጉ።

ደረጃ 2፦ አጻጻፎቹን ይሰብስቡ

በግዕዝ ፊደል ብቻ የጻፉትን ስም ይዘው አይፈልጉ። «ሊ» የእንግሊዝ ስም ሊሆን ይችላል፤ ሜዳ ወይም ጫካ የተመነጠረበት ቦታ ማለት ነው። የቻይና ስምም ሊሆን ይችላል፤ በጣም የታወቀው የፕለም ዛፍ ማለት ነው። ኮሪያም አለች። «ፓርክ» እና «ጁንግ»ም እንዲሁ በአውሮፓም በኮሪያም አሉ፣ አይገናኙም። በተቃራኒው ቻን፣ ቼን፣ ታንና የቬትናሙ ትራን በአንድ የቻይና ፊደል የሚጻፉ ስሞች ናቸው፤ የተለያዩት አንባቢዎቹ ካንቶንኛ፣ ማንዳሪን፣ ሆኪየንና ቬትናምኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ነው። ስሙ በገዛ ቋንቋው የተጻፈበትን ፊደል ሳያዩ ወደ ደረጃ 3 አይሂዱ።

አሁን ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ አማራጭ አጻጻፎችን በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡ።

1. አናባቢዎቹን አንድ በአንድ ይለዋውጡ።
2. የተደጋገመ ተነባቢ ካለ አንዱን ይቀንሱ፤ ከሌለ አንዱን ይድገሙ።
3. አንድ ድምፅ ያላቸውን የላቲን ፊደሎች ይተኩ፦ «ሲ» በ«ኬ»፣ «ኤፍ» በ«ፒ» እና «ኤች» ጥምር፣ «አይ» በ«ዋይ»።
4. ቅድመ ቅጥያውን ያውጡ፣ ከዚያ ይመልሱ፦ ቫን፣ ደ፣ ዲ፣ ኦ፣ ማክ። በአየርላንድ «ኦ» እና «ማክ» ብዙ ቤተሰብ ጥሎት ቆይቶ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ መልሶታል። የደች ስም በኔዘርላንድስ ማውጫ የሚገኘው በዋናው ቃል ሥር ነው፤ በቤልጅየም ግን «ቫን» ራሱ ላይ ነው።
5. የመጨረሻውን ፊደል ይጨምሩ፣ ይቀንሱ፤ በተለይ «ኤስ» እና «ኢ»ን።
6. የእጅ ጽሑፍ የሚያምታታቸውን ይተኩ፦ «ዩ» እና «ኤን»፣ ትልቁ «ኤል» እና ትልቁ «ኤስ»፣ ትልቁ «ቲ» እና ትልቁ «ኤፍ»። በድሮ ጽሑፍ ረጅሙ «ኤስ» ቁርጥ «ኤፍ» ይመስላል፤ ማውጫ ያዘጋጁት ሰዎች ስሙን በ«ኤፍ» አስገብተውት ብዙ ጊዜ ይገኛል።

የፍለጋ ገጾች ተተኪ ምልክት ይቀበላሉ። የኮከብ ምልክት ለማንኛውም ብዛት ያለው ፊደል ነው፣ የጥያቄ ምልክት ለአንድ ፊደል ብቻ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ፊደሎች በኋላ ኮከብ ያድርጉ፤ ከመጀመሪያው ፊደል በፊት ማድረግን አንዳንድ ገጾች ይከለክላሉ።

ሳውንዴክስ የሚባለው ዘዴም ይጠቅማል። በ1918 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተሰጠው ሲሆን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይይዝና የቀሪዎቹን ተነባቢዎች ድምፅ በሦስት አኃዝ ይወክላል። «ስሚዝ»ም «ሽሚት»ም ኤስ530 ይሆናሉ። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ከተለወጠ ኮዱም ይለወጣል። በ«ኬ» የተጻፈው በ«ሲ» ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መነሻ ፊደል ለየብቻ ይፈልጉ።

ውጤቱ ሺህ በሺህ ከሆነ አጻጻፉን አያጥብቡ፤ ቦታውንና ዘመኑን (እስከ 20 ዓመት ክልል) ያጥብቡ። ምንም ካልመጣ ደግሞ የቤተሰቡን ስም ጨርሰው ያውጡትና በመጠሪያ ስም፣ በልደት ዓመትና በመንደር ብቻ ይፈልጉ። በማውጫ የጠፋ ሰው በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ስሙም እንዴት እንደተበላሸ ያያሉ።

ደረጃ 3፦ ስርጭቱን ይቁጠሩና ካርታ ላይ ያስቀምጡ

የዛሬው ስርጭት ሰዎቹ የት እንደሄዱ ይናገራል፣ ከየት እንደመጡ አይናገርም። የሚፈለገው የድሮው ነው። ለብሪታንያ የ1881ዱን ሕዝብ ቆጠራ ይጠቀሙ፤ ማውጫው በነጻ ይገኛል፣ ብዙ ሰው ወደ ከተማ ቢፈልስም የክልል ዝንባሌው ገና ይታያል። ለአየርላንድ የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች በነጻ ክፍት ናቸው። የኔዘርላንድስ የቤተሰብ ስሞች የመረጃ ቋት የ1947 እና የ2007 ቁጥሮችን በካርታ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ለአሜሪካ የቆጠራ ቢሮው የ2010 ዝርዝር 100 እና ከዚያ በላይ ሰው የያዛቸውን 162,253 ስሞች ይዟል። የእርስዎ ስም እዚያ ከሌለ ያዦቹ ከ100 ያነሱ ነበሩ ማለት ነው፤ ወይም በሌላ አጻጻፍ ተበታትነዋል።

ዓለም አቀፍ ስርጭት የሚያሳዩ ድረ ገጾች፣ ለምሳሌ ፎርቤርስ፣ ለመነሻ ይሆናሉ። ቁጥሮቹ ግን ግምት ናቸው፤ ብርቅ ስም ላይ ደግሞ ግምት ክፉኛ ይዛነፋል። «በዓለም 37 ሰው ይይዘዋል» የሚለውን እንደ ቆጠራ አይቁጠሩት።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው።

1. ድግግሞሽን ያጽዱ። የፍለጋ ውጤት የመዝገብ ብዛት እንጂ የሰው ብዛት አይደለም። አንድ ሰው በልደቱ፣ በጋብቻው፣ በሦስት ቆጠራና በሞቱ ስድስት ጊዜ ይመጣል። ይህን የዘለለ ሰው 6 ሰው የነበረበትን መንደር 40 ሰው አድርጎ ያወጣዋል። ሁሉንም ከመደመር ይልቅ ከአንድ ዓመት ቆጠራ ብቻ ይውሰዱ።

2. በጾታ የሚለወጡ ስሞችን ይደምሩ። የሩሲያ፣ የፖላንድና የቼክ ስሞች ለሴት መጨረሻቸው ይለወጣል። የወንዱን ብቻ ከቆጠሩ ግማሹን ትተዋል።

3. ወደ መጠን ይለውጡ። የያዦቹን ብዛት ለአገሩ ሕዝብ አካፍለው በ1,000,000 ያባዙ። 450 ሰው ከ30 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ማለት ከሚሊዮን 15 ማለት ነው። ያለዚህ ትልቅ አገርን ከትንሽ አገር ማወዳደር አይቻልም።

4. ክምችቱን ያስሉ። አንድ አውራጃ ከአገሩ ሕዝብ 2 በመቶ ይዞ ከስሙ ያዦች 60 በመቶ ካሉበት፣ 60 ለ2 ሲካፈል 30 ይሆናል፤ ስሙ እዚያ ከሚጠበቀው 30 እጥፍ ታጭቋል። ከ5 በታች ከሆነ አይመኑት። ጠቅላላ ያዦቹ ከ20 ካነሱ ደግሞ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ብቻውን ቁጥሩን ሊያንጋድደው ስለሚችል ስንት የተለያየ ቤት እንደሆነ ይቁጠሩ።

5. ካርታ ላይ ነጥብ ያድርጉ። አንድ ክምችት ካዩ የአንድ መነሻ ምልክት ነው። ሁለት የተራራቁ ክምችቶች ካዩ አያገናኟቸው፤ ምናልባት ሁለት የተለያዩ ስሞች አንድ አጻጻፍ ላይ ወድቀው ይሆናል። ለየብቻ ይከተሏቸው።

የስልክ ማውጫ የሚቆጥረው ቤትን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ከቆጠራ ቁጥር ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አያቀላቅሉት። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና አድራሻም በሚያጋሩት ሰነድ ላይ አያስቀምጡ፤ ለስርጭት የሚያስፈልገው ቁጥርና አውራጃ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ትውልድ በትውልድ ወደኋላ ይሂዱ

ከሚያውቁት የቅርብ ሰው ይነሱ፣ አንድ ትውልድ ብቻ ይራመዱ፣ ያረጋግጡ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። በ1600 የተገኘን ስም አይቶ ወደፊት መምጣት ክልክል ነው ማለት ይቻላል፤ ያገኙት ሰው ዘመድዎ መሆኑን የሚያሳይ ምንም የለም።

የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በፈረንሳይ 1792፣ በእንግሊዝና ዌልስ 1837፣ በስኮትላንድ 1855፣ በአየርላንድ 1864 (ለካቶሊክ ላልሆኑ ጋብቻዎች 1845)፣ በመላው ጀርመን 1876 ይጀምራል። ከዚያ በፊት የሰበካ መዝገብ ነው፦ በእንግሊዝ ከ1538 ጀምሮ፣ በካቶሊክ አገሮች በአጠቃላይ በ1563 ከተላለፈው የትሬንት ጉባኤ ውሳኔ ወዲህ። የተረፈው ግን ከሰበካ ሰበካ ይለያያል።

ሦስት ጉድጓዶችን አስቀድመው ይወቁ። የእንግሊዝና ዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 በእሳት ጠፍቷል፤ የ1941ም በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ በ1921 በተነሳ እሳት ሳቢያ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ስለዚህ ከ1880 ወደ 1900 ዘልለው መገናኛውን በከተማ ማውጫና በመሬት ሰነድ ይሙሉት። የአየርላንድ የሕዝብ መዛግብት ቤት በ1922 ተቃጥሏል። እነዚህን የማያውቅ ሰው «ቤተሰቡ ጠፋ» ብሎ ያቆማል፤ የጠፋው ግን መዝገቡ ነው።

ቀኖችን ሲገለብጡ ይጠንቀቁ። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ነበር። በፌብሩዋሪ 1690 ተጠመቀ የተባለ ልጅ በዛሬው አቆጣጠር በ1691 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ልጁ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ተወለደ ብሎ ትክክለኛውን ቤተሰብ ይጥላል። ሠንጠረዡ ላይ 1690/91 ብለው ይጻፉ። ከ1793 እስከ 1805 መጨረሻ ድረስ ያለ የፈረንሳይ ሰነድ ደግሞ በሪፐብሊኩ ካላንደር የተጻፈ ስለሚሆን መለወጫ ሠንጠረዥ ያስፈልግዎታል።

ማውጫውን ብቻ አይመኑ፤ ሁልጊዜ የመዝገቡን ምስል ይክፈቱ። ስሙ ካልተነበበልዎ የዚያኑ ጸሐፊ ሌሎች ገጾች ከፍተው እንደ ዮሐንስና ማርያም ያሉ የታወቁ ስሞችን እንዴት እንደጻፈ ይመልከቱ፣ ፊደሎቹን ለይተው ይቅዱ፣ ከዚያ ይመለሱ። ላቲን በሆነ መዝገብ የሰውየው ስም ወደ ላቲን ተለውጦ ይሆናል፤ ያንን ቅርጽ እንደ ጥንታዊ አጻጻፍ አይቁጠሩት።

ዱካው ሲቋረጥ

ከድንበር ማዶ ከቆመ፦ «ስማችንን የኤሊስ አይላንድ ሹሞች ቀየሩት» የሚለውን ወሬ ይተዉት። ይህ በኒው ዮርክ የነበረው የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ከ1892 እስከ 1954 ሲሠራ ሹሞቹ የያዙት መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ተጽፎ የመጣውን ዝርዝር ነበር። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ በራሱ በቤተሰቡ የተደረገ ስለሆነ የዜግነት ማመልከቻውን ይፈልጉ፤ የድሮውና የአዲሱ ስም ጎን ለጎን የሚገኙበት እሱ ላይ ነው።

አባት ካልተጻፈ፦ ስሙ ከእናት የመጣ ሊሆን ይችላል። የእናቲቱን ቤተሰብ ይከተሉ።

አንድ ሰው በሁለት ስም ከተጻፈ፦ ሁለቱንም ወደኋላ ይከተሉ። ሁለተኛው ከእንጀራ አባት፣ ከውርስ ወይም ከእርሻ ስም የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከባርነት የወጣ ቤተሰብ ከሆነ፦ በአሜሪካ የ1870 ቆጠራ ነጻ የወጡትን በሙሉ በስም የመዘገበ የመጀመሪያው ነው። ስሙን የቀድሞው ባለቤት ስም ነው ብለው ወዲያው አይውሰዱ፤ ብዙዎች ሌላ ስም መርጠዋል። በ1870 ገጽ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች በሙሉ ይገልብጡ፤ መገናኛው የሚገኘው ከነሱ ዘንድ ነው።

ደረጃ 5፦ አሁን ትርጉሙን ይፈልጉ

እጅዎ ላይ ሁለት ነገር መኖር አለበት፦ ጥንታዊው አጻጻፍ ከነዓመቱ፣ እና ቦታው። አንዱ ከጎደለ ወደኋላ ይመለሱ። የቤተሰብ ስሞች በብዛት ከአራት ምንጭ ይወጣሉ፤ ከአባት መጠሪያ፣ ከሥራ፣ ከቦታ፣ ከቅጽል። ብርቅ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ከቦታ ነው፤ አንዲት ትንሽ መንደር ወይም እርሻ ብቻ የሰጠችው ስም አይበዛም።

የሥራ ስም ቋንቋውን አጥብቆ ይከተላል። ብረት ቀጥቃጭ በእንግሊዝ ስሚዝ፣ በጀርመን ሽሚት፣ በጣሊያን ፌራሪ፣ በሃንጋሪ ኮቫች፣ በሩሲያ ኩዝኔትሶቭ፣ በዓረብኛ ሃዳድ ነው። በአንድ አገር ውስጥም ክልል ይለያል። የሱፍ ጨርቅ በውሃ እየረገጠ የሚያጠብቀው ባለሙያ በእንግሊዝ ሰሜን ዎከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ ታከር ይባል ነበር። የካርታው ሥራ ፍሬ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ቦታው ትርጉሙን ያግዛል፣ ትርጉሙም ቦታውን ይመሰክራል።

ለእያንዳንዱ የትርጉም ሐሳብ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያቅርቡ።

1. ጥንታዊውን አጻጻፍ ያብራራል ወይስ የዛሬውን ብቻ? የዛሬውን ብቻ ከሆነ ይጣሉት።
2. ቃሉ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ክልል ቋንቋ ውስጥ ነበረ? በ1500 ለተገኘ ስም የ1800 ቃል ማብራሪያ አይሆንም።
3. ድምፁ እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳይ ሌላ ስም ወይም የቦታ ስም አለ?
4. ተመሳሳይ አወጣጥ ያለው ሌላ ስም በዚያው አውራጃ ይገኛል?

ሁለት የሚያታልሉ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የቃሉ ትርጉምና ስሙ የተሰጠበት ምክንያት አንድ አይደሉም። ኪንግና ቢሾፕ «ንጉሥ» እና «ጳጳስ» ማለት ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ግን እንደ ንጉሥ የሚኮሩ፣ በበዓል ትርኢት ንጉሥ የሚሆኑ ወይም በጳጳስ ቤት የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ የቦታ ስም የሚሰጠው ሰው ከቦታው ሲወጣ ነው። በገዛ መንደሩ ሁሉ የመንደሩ ልጅ ስለሆነ መለያ አይሆነውም። ዋልሽ የሚለው የአየርላንድ ስም «የዌልስ ሰው» ማለት ነው፤ የወጣለት ግን አየርላንድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የስሙን መንደር በክምችቱ ዙሪያ ይፈልጉ እንጂ በመሐሉ ብቻ አይደለም። መንደሯ ዛሬ ካልተገኘች ጠፍታ ሊሆን ስለሚችል የድሮ ካርታና የእርሻ ስሞችን ይመልከቱ።

ለብሪታንያና ለአየርላንድ ስም በ2016 የታተመውን የኦክስፎርድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ይክፈቱ፤ ከ45,000 በላይ ስሞችን ከጥንታዊ አጻጻፋቸውና ከቀናቸው ጋር ይዟል። ዋጋው ውድ ስለሆነ በቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙ። የጀርመንም ዲጂታል መዝገበ ቃላት በማይንዝ እየተዘጋጀ በነጻ ክፍት ነው። መዝገበ ቃላት ዓመትና ቦታ ያለው ማስረጃ ካልጠቀሰ፣ የትርጉም ድረ ገጽም ቢሆን፣ ግምት ብለው ይመዝግቡት። ከቤተሰቡ የሰሙትን የትርጉም ገጽ አሁን ማንበብ ይችላሉ፤ ያንኑ አራት ጥያቄ ይጠይቁት።

የቤተሰብ ስም የጋሻ ዓርማ የሚሸጡ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። አይግዙ። በእንግሊዝ ሕግ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ሲሆን የሚወርሱትም ሕጋዊ ዘሮቹ ናቸው፤ ለስም ተብሎ የተሰጠ ዓርማ የለም።

ደረጃ 6፦ የዘረመል ምርመራ (ሲያስፈልግ ብቻ)

ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ስም የዋይ ክሮሞዞም (ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የዘረመል ክፍል) አብሮት ስለሚሄድ ሁለት ክምችቶች አንድ መነሻ እንዳላቸው ለመፈተሽ ይረዳል። በ2000 ሳይክስ የሚለውን የዮርክሺር (ሰሜን እንግሊዝ) ስም በያዙ ወንዶች ላይ በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት የዋይ ክሮሞዞም ተገኝቶባቸዋል። ስሙ ትንሽ ወንዝ ወይም ቦይ ማለት ስለሆነ ብዙ መነሻ እንዳለው ይገመት ነበር።

ከስሙ ያዦች መካከል ለረጅም ዘመን የተለያዩ ሁለት ቅርንጫፎችን የሚወክሉ ሁለት ወንዶች ያስፈልጋሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን መመርመሩ ስለ ስሙ ምንም አይናገርም። ቢያንስ 37 መለያ ነጥብ (በክሮሞዞሙ ላይ የሚነጻጸር ቦታ) ያለውን ምርመራ ይምረጡ፤ 12 ነጥብ ያለው ያልተዛመዱ ሰዎችን ያዛምዳል። አለመመሳሰል ደግሞ የግድ ሁለት መነሻ አለ ማለት አይደለም፤ ጉዲፈቻ፣ ከእናት የተወሰደ ስም ወይም የተሰወረ አባትነት ሊሆን ይችላል። ይህ ውጤት ቤት ሊያናጋ ስለሚችል ናሙና ከመስጠታቸው በፊት ለሁለቱም በግልጽ ይንገሩና ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይያዙ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ይጻፉ

ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከሦስት ምልክት አንዱን ይስጡ፦ «የተረጋገጠ» (የመዝገብ ቁጥር አለው)፣ «የሚመስል» (ቦታውና አጻጻፉ ይስማማሉ፣ መዝገቡ ግን መሐል ላይ ይቋረጣል)፣ «ግምት»። ለምሳሌ፦ «ስሙ በ1641 በዚህ ሰበካ ተመዝግቧል (የተረጋገጠ)። በ1881 ከነበሩት 34 ያዦች 26ቱ ከሰበካው በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ይኖሩ ነበር (የተረጋገጠ)። ስሙ በአካባቢው ከነበረች እርሻ የወጣ ነው (የሚመስል)።» የተለያዩ አጻጻፎችን ከነዓመታቸው ከሥር ይዘርዝሩ።

ስሙ ዛሬ ብርቅ የሆነው ድሮም ብርቅ ስለነበረ ነው ብለው አይጻፉ። ወንድ ልጅ ያልተወለደለት ቤት በበዛ ቁጥር ስም በዕድል ብቻ ይጠፋል፤ እንግሊዛውያኑ ምሁራን ጋልተንና ዋትሰን ይህን በ1874 በሒሳብ አስልተውታል። የድሮውንና የዛሬውን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

ከማተምዎ በፊት በ1979 በብሪታንያ የተቋቋመው የአንድ ስም ጥናት ማኅበር ዝርዝር ውስጥ ስሙንና ሁሉንም አጻጻፎቹን ይፈልጉ። ሌላ ሰው አስመዝግቦት ከሆነ በቆጠራ ያልተገኙ መዝገቦች እጁ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የራስዎን ሠንጠረዥ ይላኩለት፣ ጥያቄውን ከሱ በኋላ ያስከትሉ።